«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እውነት ነውን?



በዚህ ጽሑፍ ልናቀርብላችሁ የወደድነው ትምህርት፣ አንድ ሕፃን ከቤቱ ወጥቶ ወደ መዋዕለ ሕፃናት በሚገባበት ቀን ጤንነቱ ምን እንደሚመስል፣ ይህም ካደገበት ቤተሰብ ሁኔታ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ነው። ጉዳዩን እንድናነሣ ያደረገን ራሳችን የሠራነው ስሕተት ስለሆነ፣ ትምህርቱን ከዚያው እንጀምራለን።

ሀ/ በምዝገባው ቀን ያየናቸው ሦስት ሕፃናት

ባለፈው ነሐሴ በሰፈራችን በሚገኝ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አዲስ ገቢ ሕፃናት ሲመዘገቡ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አምስት ወጣቶች ሄደን ቅጽ በመሙላትና ወረፋ በማስያዝ አገዝን። በዚያው ዕለት አንዲት የጤና ባለሙያ የሕፃናቱን ቁመትና ክብደት ትለካ፣ የክትባት ካርዳቸውንም ትመለከት ነበር።

በመጀመሪያ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር መጣች። እናቷ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቅጹ ላይ የአባት ስልክ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ስለ ነበር፣ ከእኛ አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «ይቺ ደግሞ አባት የላትም» አለ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም አያቲቱ የሰሙት ይመስለናል፤ የልጅቱን እጅ ጠበቅ አድርገው ያዙና ዝም አሉ።

ቀጥሎ አንድ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አባቱና እናቱ ግራና ቀኝ ይዘውት ገባ። እናቱ አንዲት የስምንት ወር ሕፃን አዝላለች። ልጁ ንጹሕ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። እኛም በልባችን «ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው» አልን።

በመጨረሻ ደግሞ ጉልት የምትቸረችር አንዲት እናት ልጇን እያጣደፈች አመጣች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል። «ቶሎ በሉልኝ፣ ቲማቲሙን ሜዳ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት» አለችን።

ልኬቱ ሲጀመር ግን የጠበቅነው ሳይሆን ቀረ። አያቲቱ ከመቀነታቸው አንድ የተጠቀለለ ላስቲክ ፈትተው ካርዱን አወጡ። ባለሙያዋ አገላብጣ አየችና «እማማ፣ አንድም አልቀረባት!» አለቻቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ከመታወቂያዬ ጋር ነው የማኖረው። እናቷም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው» አሉ። የልጅቱ ቁመት 101 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

በአባቱና በእናቱ መካከል የመጣው ልጅ 93 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። እናቱ ስትጠየቅ፣ እሱ ሰባት ወር ሲሆነው እንደገና ማርገዟን፣ ጡትም ወዲያው እንዳስጣለችው ተናገረች። የጉልቷ ልጅ ቁመቱ ደኅና ነበር፤ ካርዱ ግን በዐሥር ሳምንቱ ላይ ቆሟል፤ የኩፍኝ ክትባትም አልወሰደም።

ያን ዕለት ወደ ቤታችን የተመለስነው እያፈርን ነው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ በትክክል አልገመትንም ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን አጥንተን፣ ያገኘነውን ለእናንተ ለማካፈል ተስማማን።

ለ/ በመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ የሚታየው ጤንነት ምንድን ነው?

ሕፃን በአራት ዓመቱ ወደ መዋዕለ ሕፃናት፣ ወይም በስድስት ዓመቱ ወደ ኦ-ክፍል ሲገባ፣ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ በሰውነቱ ይዞ ይገባል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ቁመት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የዕድገት መለኪያ መሠረት፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 103 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሴት ልጅም ከዚያ በጥቂት ያንሳል። ወንዱ ከ95፣ ሴቷም ከ94 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ሲሆኑ ቀንጭረዋል ይባላል። እዚህ ላይ «ዘራችን አጭር ስለሆነ ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ይህ መለኪያ የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ሕፃናትን በመለካት ሲሆን፣ በሚገባ ተመግበውና ተጠብቀው ያደጉ ሕፃናት በየትኛውም አገር ቢሆኑ ዕድገታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በአምስት ዓመት ውስጥ ያለው የቁመት ልዩነት ከዘር ይልቅ የአስተዳደግ ልዩነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መቀንጨር በአብዛኛው የሚፈጠረው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ጉዳቱም በቁመት ብቻ አይወሰንም፤ በሽታን የመቋቋም ኃይልንና የመማር ችሎታንም ይነካል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ከመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 37 ከመቶ ወርዷል። ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሆኖም በ2011 ዓ.ም. እንኳ ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክትባት ነው። ሕፃን ሲወለድ፣ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9ና በ15 ወሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ መወሰድ አለበት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቂት የማይባሉት ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። ሃያና ሠላሳ ሕፃናት በአንድ ክፍል በሚቀመጡበት ቦታ ያልተከተበ ሕፃን ለኩፍኝ ምን ያህል እንደሚጋለጥ መገመት አያዳግትም።

ከእነዚህም ሌላ የደም ማነስ፣ የሆድ ትላትል፣ የጥርስ መበላሸት፣ የዐይንና የጆሮ ሕመም አሉ። በተለይ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሕፃን «ፈዛዛ» ወይም «እምቢተኛ» እየተባለ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሐ/ የቤተሰብ ሁኔታ ጤንነትን የሚነካው በምን መንገድ ነው?

ቤተሰብ ብዙ ዓይነት ነው። አባትና እናት ያሉበት፣ እናት ብቻዋን የምታሳድግበት፣ አያት ወይም አክስት የምታሳድግበት፣ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ያለበት፣ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ያለበት፣ እንዲሁም ብዙ ዘመድ በአንድ ግቢ የሚኖርበት አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከአራት ቤተሰብ አንዱ በሴት የሚመራ ነበር። የቤተሰቡ ዓይነት ብቻውን ሕፃንን አያሳምምም፣ አያድንምም። የሚሠራው ቀጥሎ በምንዘረዝራቸው መንገዶች ነው።

1. በገቢ። አንድ ሰው ብቻ በሚሠራበት ቤት ያ ሰው የታመመ ዕለት ለልጁም ምግብ አይገኝም። ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ለሕመም የሚጋለጡት በዚህ ምክንያት ነው። አባት ስለ ሌለ የጎደለው አንዱ ነገር የአባት ገንዘብ ነው። ከአረብ አገር በየወሩ ገንዘብ በሚመጣለት በዚያች አያት ቤት ግን ይህ ጉድለት በመጠኑ ተሸፍኗል፤ እናቲቱ በናፍቆት የከፈለችው ዋጋ እንዳለ ሆኖ።

2. በጊዜና በእጅ። የክትባት ጠዋት ወረፋ አለው። ጉልት የምትቸረችር ወይም የቀን ሥራ የምትሠራ እናት ያን ጠዋት ወረፋ ብትይዝ የዕለት እንጀራዋን ታጣለች። ጥፋቷ ልጇን አለመውደድ አይደለም፤ ጉልቷ ላይ ለሁለት ሰዓት የሚቀመጥላት ሰው ማጣቷ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

3. በልጆች መቀራረብ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ልጆች ሲቀራረቡ ትልቁ ጡት ያለ ጊዜው ይጥላል፤ እናቲቱ ሰውነቷ ሳይጠገን ሌላ ትሸከማለች፤ ገንፎውም አጥሚቱም ለሁለት ይከፈላል። በአባትና በእናት መካከል የመጣው ልጅ የቀነጨረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ወላጅ መኖሩ ይህን አላስቀረለትም።

4. በመዘዋወር። ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከእናት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ አያት የተዛወረ ሕፃን ከእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ነገር ይቀርበታል። ካርዱ ይጠፋል፤ የትኛው ምግብ እንደሚያሳክከው፣ ሲተኛ እንደሚያስለው የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። «ካርዱ የት አለ?» ሲባል «በፊት በነበረበት ቤት» የሚል መልስ ከሦስት ሰዎች ሰምተናል።

5. በውሳኔ ሰጪነት። ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት ስለ ሕፃኑ ምግብ የሚወስነው ማን ነው? የታላላቆች ልምድ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይቀናም። እንገሩ ታልቦ የሚደፋበት፣ ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚዋጥበት ቤት አሁንም አለ። ሌላም አለ። ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን የጾም ግዴታ እንደሌለበት እያወቅን፣ «ድስቱ ይነካካል» በማለት በጾም ወራት ለሁለት ዓመት ሕፃን ወተትና እንቁላል የምንከለክል አለን። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

መ/ ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ከላይ ያየነው የሦስት ሕፃናት ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት አይገባም። ስለዚህ ሰፋ ያሉ ጥናቶችን እንመልከት።

በጋምቢያ ገጠር ከ1950 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ መረጃ በኋላ ተመርምሮ ነበር። እናቱ የሞተችበት ሕፃን፣ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እጅግ ለሞት የተጋለጠ ነበር። የእናቱ እናት በሕይወት ያለችለት ሕፃን ደግሞ የተሻለ ዕድገትና በሕይወት የመቆየት ዕድል ነበረው። የአባት መኖርና አለመኖር ግን በዚያ ቦታ በሕፃናት ሞት ላይ ልዩነት አልታየበትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ጊብሰንና ሜስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአርሲ ገጠር ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ አያቶች ለሕፃናት በሕይወት መቆየት እንደሚረዱ አሳይተዋል። የእናት እናት ልጇን ከከባድ የቤት ሥራ ታሳርፋት ነበር። እነዚሁ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ እጅግ የሚያስተምር ነው። ውኃ በቧንቧ በገባላቸው መንደሮች ሴቶች እንስራ ተሸክሞ ሩቅ ከመሄድ ዐረፉ፤ የሕፃናት ሞትም ቀነሰ። ነገር ግን ወሊድ ጨመረ፤ በምግብ እጥረት የሚጎዱ ሕፃናትም በረከቱ። ከዚህም፣ የእናት ሸክም ሲቀል ልጅን አራርቆ መውለድ አብሮ ካልመጣ ጥቅሙ ጎደሎ እንደሚሆን እንማራለን።

ኑሮው ፍጹም ልዩ በሆነበት በአሜሪካ እንኳ ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በሃያ ታላላቅ ከተሞች የተወለዱ ወደ 4,900 የሚጠጉ ሕፃናት ከልደታቸው ጀምሮ ተከታትለው ተጠንተዋል። ከእነዚህም ሦስት አራተኛ ያህሉ ወላጆቻቸው ያልተጋቡ ነበሩ። ልጁ በተወለደበት ሰዓት ከእነዚህ አባቶች አብዛኞቹ ከእናቲቱ ጋር ነበሩ፤ ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን አብዛኞቹ ጥንዶች ተለያይተዋል። እዚያም ድህነትና የቤቱ መለዋወጥ ተያይዘው ሕፃናቱን ሲጎዱ ታይቷል።

ታዲያ አባት አያስፈልግም ማለት ነውን? እንዲህ ብለን ብንደመድም ሁለተኛ ስሕተት እንሠራለን። በጋምቢያው መንደር አባት ባይኖር አጎትም አያትም በዚያው ግቢ አሉ። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ፣ ዘመዶቿን ገጠር ትታ በከተማ ለምትኖር እናት ግን ሁለተኛው እጅ ባሏ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ በቦታው የሚቆም የለም። ደግሞም አባት ቤት ውስጥ ኖሮ ገንዘቡን የሚያጠፋ፣ እናቲቱን የሚመታ ከሆነ፣ መኖሩ ለልጁ ጤና አይሆነውም። እናት በፍርሃት ስትኖር ልጅም አይበላም፣ አይተኛም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስንት ወላጅ አለ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሕፃን ሳያቋርጡ የሚንከባከቡት ስንት እጆች ናቸው?» የሚለውም ነው።

ሠ/ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ፣ አንደበታችንን እንሰብስብ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕግ ያከበረውን ሕፃን እኛ በሹክሹክታ ማዋረድ አይገባንም። ደግሞም ይህ ሹክሹክታ ጤናን ይጎዳል፤ የተናቀች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድም «አባቱ የት ነው?» እባላለሁ ብላ ትሸሻለች። ከእንግዲህ በምዝገባ ቀን «አባቱ የት ነው?» በማለት ፈንታ «ካርዱ የት ነው?» እንበል። ለሕፃኑ የሚጠቅመው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ተጨማሪ እጅ እንሁን። የጉልቷን እናት ነገር ከተነጋገርን በኋላ፣ በክትባት ቀን ከእኅቶቻችን አንዷ ጉልቷ ላይ ተቀመጠችላት። ቲማቲምና ሽንኩርት ስትሸጥ አረፈደች፤ ሒሳቡም ሁለት ብር ጎደለ፣ እሱንም ከኪሷ ሞላችው። ልጁ ግን የቀረበትን ክትባት በዚያ ጠዋት ጀመረ። ይህን ለማድረግ ኮሚቴ አላስፈለገም።

ሦስተኛ፣ ጥለው የሄዱ አባቶች ግዴታቸው እንዳልተቋረጠ እናሳስብ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅ ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ፍርድ ቤት መሄድ ለምትፈራ እናት አብሯት የሚሄድ አንድ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ እኛም ነገ ጎጆ የምንወጣ ነን። ወንዶች ወንድሞቻችን የሕፃን ገንፎ ማገንፋትን፣ ልጅ አዝሎ የክትባት ወረፋ መያዝን እንደ ውርደት አይቁጠሩት። ልጆችን ማራራቅንም ባልና ሚስት ከጋብቻ በፊት ይነጋገሩበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ ቤት እንመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጤና ባለሙያዋ ጋር ቤታቸው ሄድን። አባቱ አዝኖ «ልጄ ያንሳል ብዬ አላሰብኩም፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል ሲባል ነው የሰማሁት» አለን። የዚያ ልጅ ቁመት በቀላሉ እንደማይመለስ ባለሙያዋ አልደበቀችውም፤ ነገር ግን ጥሩ ምግብና ትምህርት አሁንም ብዙ እንደሚረዱት ነገረችው። ከዚያም በእናቱ ጀርባ ላይ ወዳለችው የስምንት ወር ሕፃን እያመለከተች «የእሷ ሺህ ቀን ገና አላለቀም» አለችው። አባትየው ሕፃኗን ከእናቲቱ ጀርባ ተቀብሎ ዐቀፋትና የኩፍኝ ክትባቷ የሚሰጥበትን ቀን ጠየቀ። እኛም ቀኑን በካርዷ ላይ ስትጽፍለት አየን።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው አነጋገር ደሀን ለማጽናናት የተባለ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሕፃኑን ለመተው ምክንያት አናድርገው። ከሕፃን ዕድል ብዙው ያለው በዙሪያው ባሉት ሰዎች እጅ ነው፤ ከእነዚያም እጆች አንዱ የእኛ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምዝገባው ቀን የሠራነው ስሕተት ምን ነበር? እናንተስ በቦታው ብትኖሩ ምን ትሉ ነበር?
2. አያት የምታሳድገው ሕፃን የሚያገኘው ጥቅምና የሚገጥመው ጉዳት ምን ምን ናቸው?
3. በሰፈራችሁ የሕፃናትን ክትባት የሚያስቋርጠው ዋና ምክንያት ምንድን ነው? ገንዘብ ሳይጠይቅ በዚህ ወር ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ነገር ምረጡ።
4. ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ያላችሁ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ካርዱን ፈልጋችሁ ተመልከቱ። የጎደለውን ክትባት ለወላጆቻችሁ አስታውሱ።